ከፋዩና ደንበኛው፦ በፌዴራል የወንጀል ክስ ጠበቃ ስለ መቅጠር

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮች። በዛሬው ክፍል እንግዳ ስለሌለኝ ብቻዬን እናገራለሁ። ርዕሴ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከቤተሰብ አንዱን በወንጀል ሲከስ ተከላካይ ጠበቃ እንዴት እንደሚቀጠር ነው። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ይሁን እንጂ የአክስቴ ልጅ በኮቪድ ወረርሽኝ ዘመን ለአነስተኛ ንግዶች ከተሰጠው ብድር ጋር በተያያዘ በማጭበርበር ሲከሰስ፣ ጠበቃ የማፈላለጉም ገንዘብ የማሰባሰቡም ሥራ በእኔ ላይ ስለወደቀ ነገሩን በቅርብ ለማየት ተገድጃለሁ። ይህን እንድናገር እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል፤ ስሙን፣ ከተማውንና የክሱን ዝርዝር ግን አላነሣም።

ክሱ በተሰማ ማግስት ስልኬ ከጥሪ አላረፈም። አንዱ ዘመድ የመኪና አደጋ ካሳ ያስገኘለትን ጠበቃ፣ ሌላው የመኖሪያ ፈቃዱን የጨረሰለትን፣ ሌላው ደግሞ ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ጓደኛውን ያስለቀቀውን ሰው ይጠቁመኝ ነበር። ሁሉም ያሉት ከቅን ልብ ነው፤ ነገር ግን የፌዴራል የወንጀል ክስ የራሱ አካሄድ አለው። በክፍለ ግዛት ደረጃ ብዙ ጊዜ ፖሊስ መጀመሪያ ሰውየውን ይይዛል፣ ምርመራውም ከዚያ በኋላ ይቀጥላል። በፌዴራል ደረጃ ግን፣ በተለይ በገንዘብ ነክ ጉዳዮች፣ መርማሪዎች የባንክ መዝገቡን፣ የኢሜይል ልውውጡንና የግብር ሰነዱን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሰብስበው ካበቁ በኋላ ነው ክሱ የሚመጣው። የወረርሽኙን ብድር በሚመለከት ደግሞ ኮንግረስ በ2022 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው) ባወጣው ሕግ የክስ ማቅረቢያውን ጊዜ ወደ 10 ዓመት ስላራዘመው፣ ነገሩ ያለፈ የመሰላቸው ሰዎች ዛሬም መጥሪያ ሊደርሳቸው ይችላል። ማስረጃውን ከ16 እስከ 23 ተራ ዜጎች የሚቀመጡበት ግራንድ ጁሪ በዝግ ይሰማል፤ ቢያንስ 12ቱ ከተስማሙ ክሱ ይጸድቃል፤ የተጠርጣሪው ጠበቃ ወደዚያ ክፍል አይገባም። እንግዲህ የምትቀጥሩት ጠበቃ ሥራውን የሚጀምረው ዐቃቤ ሕጉ ብዙ መንገድ ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ከሚፈረድባቸው ሰዎች ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ጉዳያቸው በጁሪ፣ ማለትም በችሎት ተቀምጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም በሚሉ ዜጎች ፊት ሳይታይ፣ ጥፋተኝነታቸውን አምነው ነው የሚፈረድባቸው። ይህን ስሰማ በጣም ደንግጬ ነበር፤ እያደር ግን የጠበቃ ምርጫዬን ያቀናልኝ ይኸው እውነታ ሆነ። በችሎት ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚከራከር ሰው ያስፈልግ ይሆናል፤ ከዚያ አስቀድሞ ግን ሺህ ገጽ ሰነድ በትዕግሥት የሚያነብ፣ ማስረጃው የት ጋ እንደሚሳሳ የሚያይ፣ መሟገት የሚሻልበትንና መስማማት የሚሻልበትን ጊዜ በቅጡ የሚመዝን ሰው ያስፈልጋል።

ያነጋገርሁት የመጀመሪያው ጠበቃ የክሱን ጽሑፍ ሳያነብ “አታስቡ፣ ነጻ አወጣዋለሁ” አለን። አክስቴ እጁን ልትስም ምንም አልቀራትም። እኔ ግን ቢሮውን ለቅቄ የወጣሁት እምነት አጥቼ ነው፤ ሰነዱን ያላየ ሰው ውጤቱን ከወዴት አወቀው? በኋላ የቀጠርናት ሴት በአንጻሩ ከአንድ ሰዓት በላይ ስትጠይቅ ቆይታ ስለ ውጤቱ ምንም ቃል ሳትሰጥ አሰናበተችን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ “አድርገኸዋል ወይ?” የሚል አልነበረም፤ “መርማሪዎቹ ቤትህ ሲመጡ ምን አልሃቸው?” የሚል ነበር። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ ብዙ አውርቷል። ሳይምሉ እንኳ ለፌዴራል መርማሪ ጉዳዩን የሚነካ ሐሰተኛ ቃል አውቆ መስጠት ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ እስከ 5 ዓመት እስራት እንደሚያስቀጣ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የምርመራ ዒላማ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከደረሰው ወይም መርማሪ በሩን ካንኳኳ፣ “በጠበቃዬ በኩል እነጋገራለሁ” ብሎ በትሕትና ማቆም፣ ጠበቃም ክስ እስኪመጣ ሳይጠብቁ መቅጠር ይገባል።

ጠበቃ ስታነጋግሩ በዚያው የፌዴራል ፍርድ ቤት ምን ያህል የወንጀል ጉዳይ እንደያዘ፣ ስንቱን እስከ ፍርድ እንደተሟገተ፣ ሰነዱን የሚያነበው እሱ ራሱ ይሁን ሌላ ጀማሪ ጠበቃ፣ በግልጽ ጠይቁ። አገሪቱ በ94 የፌዴራል የዳኝነት አውራጃዎች የተከፈለች ናት፤ የየፍርድ ቤቱ ልማድና የየዳኛው ጠባይ ይለያያል፤ በአካባቢው የሚሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ጠበቃው የነገራችሁን ደግሞ ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ድረ ገጽ ገብታችሁ ማመሳከር ትችላላችሁ፤ ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም፣ ለአንድ ሰነድ ቢበዛ 3 ዶላር ነው፤ በሦስት ወር ውስጥ ከ30 ዶላር ካላለፈም አያስከፍልም። ብዙ ሰው የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ የነበረ ጠበቃ ይመርጣል። የሌላውን ወገን አሠራር ማወቁ መልካም ነው፤ ሆኖም ለብቻው ዋስትና ሆኖ አላገኘሁትም።

ከሁሉ ይልቅ በዚህች ሴት ያሳመነኝ የቅጣቱን ስሌት ያስረዳችበት መንገድ ነው። አክስቴ “30 ዓመት” የሚል ቃል ሰምታ እንቅልፍ አጥታ ነበር። እርግጥ በኤሌክትሮኒክ መገናኛ የሚፈጸም ማጭበርበር የቅጣት ጣሪያው 20 ዓመት ነው፣ የገንዘብ ተቋምን የሚነካ ከሆነም 30 ዓመት ይደርሳል። ጣሪያው ግን ዳኛው የሚሰጠው ቅጣት አይደለም። ጠበቃዋ ከ1987 ጀምሮ የሚሠራበትን የፌዴራል የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ከፍታ፣ የጉዳቱ ገንዘብ መጠን የወንጀሉን ደረጃ ስንት ነጥብ እንደሚጨምር፣ ቀድሞ አለመቀጣት ምን እንደሚያግዝ፣ ኀላፊነትን መቀበል ስንት እንደሚቀንስ በእርሳስ እየጻፈች አሳየችን። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 መመሪያው ዳኛውን በግድ የማያስር እንዲሆን ስለወሰነ፣ ዳኛው ከእሱ ሊወርድም ሊወጣም እንደሚችል አከለች። የሚያስከፋውንም አልደበቀችም፦ በፌዴራል ሥርዓት በአመክሮ መፈታት ከ1987 ወዲህ ለተፈጸሙ ወንጀሎች ስለተሰረዘ፣ በመልካም ጠባይ የሚቀነሰው በዓመት እስከ 54 ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ለአክስቴ እንቅልፍ ተመለሰላት አልልም፤ የምትፈራውን ነገር መጠን ግን አወቀችው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አንዳንዱ ጠበቃ በሰዓት ያስከፍላል፣ ሌላው ለጠቅላላው ጉዳይ አንድ ቁርጥ ዋጋ ይጠራል። በወንጀል ጉዳይ ውጤቱን ጠብቆ ለመክፈል፣ ማለትም “ከተፈታ ትከፍላላችሁ” ለመባባል፣ የሙያው ሥነ ምግባር አይፈቅድም፤ እንዲህ የሚላችሁ ካለ ራቁት። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ቁርጥ ዋጋው በጁሪ ፊት የሚካሄደውን ሙግት፣ ይግባኙን፣ የሒሳብ ባለሙያና የአስተርጓሚ ወጪን ይጨምር አይጨምር በውሉ ላይ መነበብ አለበት። ሌላም ነገር ገጥሞኛል። ዘመድ ከየቤቱ ያዋጣውን ጥሬ ገንዘብ በፖስታ ይዘን ስንሄድ፣ ጠበቃዋ ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበለች ለግብር መሥሪያ ቤቱ ማስታወቅ ግዴታዋ መሆኑን ነገረችን። አንድ አጎቴ በዚህ ተቆጥቶ “ታዲያ የማን ጠበቃ ናት?” አለ።

ጥያቄው ግን ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ የዛሬውን ክፍል ያዘጋጀሁትም በእሱ ምክንያት ነው። በእኛ ቤተሰብ ያዋጣ ሁሉ ባለጉዳይ ነው። ገንዘቡን የሰጠ አጎት ጉዳዩ የት እንደደረሰ መስማት፣ ስብሰባው ላይ መቀመጥ፣ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ይገባ እንደሆነና እንዳልሆነ አስተያየት መስጠት መብቱ ይመስለዋል። ሕጉ ግን እንደዚያ አያየውም። ሌላ ሰው ቢከፍልም ደንበኛው ተከሳሹ ብቻ ነው፤ ጠበቃዋ ከከፋዩ ትእዛዝ አትቀበልም፣ ያለ ደንበኛዋ ፈቃድም የሰማችውን አታካፍልም። ጥፋተኛ ነኝ ማለት፣ ሙግቱ በጁሪ እንዲታይ መምረጥ፣ ለራሱ መመስከር፣ እነዚህን የሚወስነው እሱ ነው። ደግሞ ዘመድ በስብሰባው ላይ መቀመጡ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል፤ በጠበቃና በደንበኛ መካከል ያለው ንግግር በምስጢርነት የሚጠበቀው በመካከሉ የማያስፈልግ ሦስተኛ ሰው ከሌለ ነውና። ስለዚህ አማርኛ ለሚቀናው ተከሳሽ እኔን የመሰለ ዘመድ ከማስተርጎም ይልቅ ጠበቃው የሚያመጣው ባለሙያ አስተርጓሚ ይሻላል። ተከሳሹ ታስሮ ከሆነ ከቤተሰብ ጋር የሚያደርገው የስልክ ጥሪ ይቀረጻል፤ “ምን ልትል አሰብህ?” ብሎ በፍቅር መጠየቅ እንኳ ለዐቃቤ ሕጉ ማስረጃ ማቀበል ሊሆን ይችላል። ከአክስቴ ልጅ ጋር የተከሰሰው የንግድ ሸሪኩ በአንድ ጠበቃ ተካፍለን ወጪ እንቀንስ ባለ ጊዜም መልሱ አይሆንም ነበር፤ ነገ አንዱ በሌላው ላይ ሊመሰክር ይችላልና።

የአክስቴ ልጅ ግሪን ካርድ እንጂ ዜግነት አልነበረውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 ባሳለፈው ውሳኔ ተከላካይ ጠበቃ ጥፋተኝነትን ማመን ከአገር መባረርን ሊያስከትል እንደሚችል ለደንበኛው የመንገር ግዴታ አለበት። በኢሚግሬሽን ሕግ የማጭበርበር ጉዳት ከ10,000 ዶላር ካለፈ ወንጀሉ እንደ ከባድ ስለሚቆጠር፣ በስምምነቱ ላይ የሚጻፈው የገንዘብ መጠን ከእስራቱ ዘመን የማይተናነስ ክብደት ሊኖረው ይችላል። ጠበቃዋ አንድም ፊርማ ሳይፈረም የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክራለች። ዜጋ ላልሆነ ሰው ጠበቃ የምትቀጥሩ ከሆነ ይህን በመጀመሪያው ቀን ጠይቁ።

ገንዘብ ከሌለስ? በእኛ መካከል መንግሥት የሚመድበው ጠበቃ ይናቃል፤ እኔ ይህን ንቀት አልጋራም። የፌዴራል ተከላካይ ቢሮ ጠበቆች በየቀኑ በእነዚያው ዳኞች ፊት የሚቆሙ፣ ሥራቸውም የፌዴራል ወንጀል ጉዳይ የሆነ ሰዎች ናቸው፤ ቢሮው ጉዳዩን መያዝ ካልቻለ አቅም ለሌለው ተከሳሽ ጠበቃ እንዲመደብ ከሚያዘው ከ1964ቱ ሕግ በመነጨው ዝርዝር ካሉት የግል ጠበቆች አንዱ ይመደባል። ለዚህ ፍጹም ድሃ መሆን አይጠበቅም፤ ተከሳሹ የገንዘብ አቅሙን በእውነት ሞልቶ ያቀርባል፣ ለጠበቃ የሚበቃ አቅም እንደሌለው ዳኛው ካመነ ይመድብለታል። ችግሩ ተመዳቢውን መምረጥ አለመቻሉ ነው። ቢሆንም ቤት አስይዞ የፌዴራል ችሎት የማያውቅ ጠበቃ ከመቅጠር ይህን እመርጣለሁ።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ጥድፊያ ነው። በመጀመሪያው የችሎት ቀን የተመደበ ጠበቃ ከተከሳሹ ጋር ሊቆም ስለሚችል፣ ቤተሰቡ በዚያው ሌሊት ውል መፈረም የለበትም። ዐቃቤ ሕጉ ያለ ዋስትና ይታሰርልኝ ካለ ዳኛው የሚሰማበት ቀጠሮ በመንግሥት ጥያቄ 3 ቀን፣ በተከሳሹ ጥያቄ ደግሞ 5 ቀን ሊራዘም ይችላል። አንድ ጠበቃ መዝገቡ ላይ ስሙን ካስገባ በኋላ ግን ከጉዳዩ ለመውጣት የዳኛውን ፈቃድ ይፈልጋል፤ የሙግቱ ቀን ሲቃረብ ይህ ፈቃድ በቀላሉ አይገኝም፣ የተከፈለው ገንዘብም በሙሉ ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮ የያዛችሁበትን ጠበቃ ለማነጋገር ስትሄዱ የክሱን ጽሑፍና የዋስትና ወረቀቱን ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ ውሉንም ተቀብላችሁ ወደ ቤት ወስዳችሁ አንብቡት።