ስሎትኒል፦ ሦስት ዋንጫ ያነሣች መንደር

[ምስል፦ የገጠር መንደርና የኳስ ሜዳ ከላይ ሲታይ]

ይህች ስሎትኒል ናት፤ በሰሜን አየርላንድ፣ በዴሪ ካውንቲ የምትገኝ መንደር። ክለቧ የተመሠረተው በ1953 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው በ1803 ደብሊን ላይ በስቅላት ከተቀጣው የነጻነት ታጋይ ከሮበርት ኤመት ነው። በሜዳው ላይ የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታዎች የሆኑት የጌሊክ እግር ኳስና ሃርሊንግ ይፈራረቃሉ።

[ምስል፦ ኳስ ይዞ የሚሮጥ ተጫዋች፣ ከቅርብ]

በጌሊክ እግር ኳስ ኳስን በእጅ መያዝ ይፈቀዳል። ከአራት እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ ግን ክልክል ነው፤ ተጫዋቹ ወይ መሬት ላይ ያነጥራታል፣ ወይ በእግሩ ጫፍ ነክቶ ወደ እጁ ይመልሳታል።

[ምስል፦ ዱላና ትንሽ ኳስ]

ሃርሊንግ የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። አሽ ከተባለ ዛፍ የሚጠረበው ዱላ ጫፉ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ትንሿ ኳስ ቆዳ ለብሳለች፤ አየር ላይ እንዳለችም ትመታለች። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ፣ ተጫዋቹ ኳሷን በዱላው ጫፍ ላይ አስቀምጦ፣ ተከላካይ በትከሻው እየገፋው፣ ሳይጥላት በሙሉ ፍጥነት መሮጡ ነው። ከ2010 ጀምሮ የራስ ቁር ማድረግ ግዴታ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በሁለቱም ጨዋታ 15 ለ15 ይሰለፋሉ። መረብ ውስጥ የገባች ኳስ 3 ነጥብ ታስገኛለች፤ ከአግዳሚው በላይ ያለፈች ደግሞ 1 ነጥብ። በእግር ኳሱ ከ2025 ወዲህ ከሩቅ ለተመታች 2 ነጥብ ይሰጣል።

[ምስል፦ ልምምድ ላይ ያሉ ወጣቶች]

ደመወዝ የለም። ተጫዋች መግዛትም የለም። ቡድኑ የሚሠራው ከአካባቢው ልጆች ነው፤ ለዚህም ነው የ2016ቱ ድል እጅግ የሚገርመው። በዚያ ዓመት ስሎትኒል በእግር ኳስ፣ በሃርሊንግና በሴቶቹ ሃርሊንግ በካሞጊ የዘጠኝ ካውንቲዎቹ የአልስተር ክልል ሻምፒዮን ሆነች። በ2017 ሦስቱንም ደገመች! እንደ ክሪሲ ማኬግ ያሉት ደግሞ በእግር ኳሱም በሃርሊንጉም ተሰልፈዋል፤ አንዱን ጨርሰው ሳያርፉ ለሌላው ይዘጋጁ ነበር።

ሴቶቹ ከሁሉም ርቀው ሄዱ። በ2017፣ በ2018 እና በ2019 በተከታታይ የመላ አየርላንድን የክለቦች ዋንጫ አንሥተዋል። ከክለቡ ታሪክ ከሁሉ በላይ ሊወራለት የሚገባው ይህ ይመስለኛል።

የወንዶቹ እግር ኳስ ቡድን በ2015 እና በ2017 ለመላ አየርላንድ የክለቦች ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሁለቴም ተሸንፏል። በ2024 ያንን ዋንጫ ወደ ዴሪ ያመጣው የቅርብ ጎረቤታቸው ግሌን ነው። ሁለቱ ጎረቤታሞች በካውንቲው ሻምፒዮና ሲገናኙ ማየት የሚፈልግ ሰው ቀደም ብሎ ቦታ ይያዝ።