ቁልቁለት ላይ ፎሌ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማነሣው ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስንወርድ ብዙዎቻችን ነዳጅ ለመቆጠብ ብለን የምናደርገውን ነገር ነው፤ ማርሹን ፎሌ አድርጎ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማዎቹ አላቅቆ፣ መኪናውን መልቀቅ።

ልማዱ ከሜዳ አልመጣም። ቤንዚኑን ከአየር ጋር በሚያቀላቅለው በካርቡራተር ዘመን፣ በማርሽ ቁልቁለት የሚወርድ ሞተር ቤንዚን መሳቡን ስለማያቆም፣ ዙሩን ወደ ሚኒሞ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ወደሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር፣ ማውረድ ጥቂት ያተርፍ ነበር። በኢንጀክሽን፣ ማለትም ኮምፒውተር እየመጠነ ነዳጅ በሚረጭበት ዘዴ፣ የሚሠራ ሞተር ግን ጠባዩ ሌላ ነው፤ ማርሽ እንደገባ እግራችንን ከነዳጅ መስጫው ስናነሣ፣ ዙሩ ከሚኒሞ በደንብ ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩትም ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ሲሆን ይህ ግንኙነት ስለሚቋረጥ፣ ሞተሩ እንዳይጠፋ እንደገና ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ሸክሙም ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ለሚወርድ ሰው ደግሞ የፍሬን መጋል የሕይወት ጉዳይ ነው። እርግጥ ቁልቁለቱ ለስላሳ ሆኖ፣ በማርሽ ሲሄዱ መኪናው እየያዘ መልሶ ነዳጅ ስጡኝ በሚልበት ቦታ የፎሌ ወገኖች ክርክር አላቸው፤ እኔ ግን ለዚያች ጠብታ ብዬ መኪናዬን ከእጄ አላስወጣም።

«አውቶማቲክ ይጠጣል» የሚለው ወሬም እንዲሁ የዱሮ እውነት ነው። ባለ አራት ማርሽ በነበሩት አውቶማቲኮች የሞተሩ ጉልበት ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር በሚያገናኘው በቶርክ ኮንቨርተሩ ዘይት በኩል ሲያልፍ ከፊሉ ሙቀት ሆኖ ይቀር ነበር። ኮንቨርተሩን የሚቆልፍ ፍሪሲዮን ከተስፋፋ፣ ማርሾቹ ከበዙና ቋሚ ማርሽ የሌለው ሲቪቲ ከመጣ ወዲህ ልዩነቱ ጠቧል፤ ከማንዋል የተሻሉም አሉ። ስለዚህ ያገለገለ ቪትዝ የሚገዛ ሰው «አውቶማቲክ ነው ወይ» ብሎ ከሚያቆም፣ ካምቢዮው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

አነዳዱ ላይ ማንዋል የያዘ ሰው ዙሩ ሳይጮህ ማርሽ መጨመር ይችላል። አውቶማቲክ የያዘም መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ እግሩን ጥቂት ቢያላላ ካምቢዮው ቀድሞ ይቀይርለታል። ቁልቁለት ላይ ግን ብዙ አውቶማቲክ ነጂ ማርሹን በተለመደው መሄጃ፣ ዲ ላይ ትቶት ፍሬን ብቻ ይረግጣል፤ መኪናው ማርሽ ማንሻው ላይ 2፣ ኤል ወይም ቢ የሚሉ ቦታዎች ካሉት ግን እነርሱ የተሠሩት ለእንጦጦ ዓይነቱ መንገድ ነው፤ ሞተሩ መኪናውን ይይዛል፣ በዚያው ጊዜም ነዳጁ ተዘግቶ ይቆያል።