ፍላሽ ማጠቢያው፦ ስለ ነጻ ሶፍትዌር ልናወራ ነበር

እሷ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ የምናወራው በጎ ፈቃደኞች ነጻና ክፍት ሶፍትዌርን በየሰፈሩ እንዴት እንደሚያስተዋውቁ ነው። እንግዳ ከውጭ አልጋበዝንም። እንግዳው ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል።

እሱ፦ ውሃ እንኳ አልቀረበልኝም።

እሷ፦ ቤተኛ እንግዳ ነህ፣ ራስህ ቅዳ። በመጀመሪያ ንገረኝ እስቲ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስልክ የማታነሳው የት ሆነህ ነው?

እሱ፦ ከበጎ ፈቃደኞቹ ልጆች ጋር ነኛ። አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይዞ ይመጣል፣ እኛ ሊኑክስ እንጭንለታለን፣ በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነጻ ሲስተም ነው። አናስከፍልም። ሻይ ከጋበዙን ግን እምቢ አንልም።

እሷ፦ ሰሞኑን በዛባችሁ መሰለኝ።

እሱ፦ ዊንዶውስ 10 ነዋ! ማይክሮሶፍት ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቆመ። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 ማለት ነው። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም። የሚቀርበት የደህንነት ማሻሻያው ነው። የግል ተጠቃሚ ከፍሎ ወይም በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ አንድ ዓመት ማራዘም ይችላል። ከዚያ በኋላ በቃ። ዊንዶውስ 11 ልጫን ስትዪ ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ከሌለሽ አይሆንም ይልሻል። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በደንቡ ስምንተኛ ጄኔሬሽን እና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እስቲ ዙሪያሽን እዪ፣ ስንቱ ሰው ነው ስምንተኛ ጄኔሬሽን ያለው?

እሷ፦ የኔ አራተኛ ነው። ሰላም ነው፣ አትንካብኝ።

እሱ፦ አልነካም፣ አልነካም። በውጭ አገር ለዚህ ብለው «ኤንድ ኦፍ 10» የሚባል ዘመቻ ከፍተዋል። ኬዲኢ የሚባለውን የሊኑክስ ዴስክቶፕ የሚሠሩት ሰዎች አሉበት። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ላፕቶፕህን አትጣለው፣ ሰፈርህ ውስጥ ሊኑክስ የሚጭንልህ ሰው ፈልግ። እኛም የምናደርገው እሱኑ ነው።

እሷ፦ አንተ ግን እንዴት ገባህበት? እንደማውቅህ በነጻ የምትሠራ ሰው አይደለህም።

እሱ፦ (ሳቅ) በሲዲ ነው የገባሁት። ኡቡንቱ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት በ2004 ሲወጣ፣ ከዚህ በኋላ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው፣ ሲዲውን በነጻ በፖስታ ይልኩ ነበር፣ ሺፕኢት ይባላል። አድራሻሽን ትሞያለሽ፣ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ትሰጫለሽ፣ በቃ ይመጣል። አንድ ብቻ ሳይሆን ለጓደኛም የሚሆን ታዝዣለሽ። በማን ፖስታ ሣጥን እንዳስመጣሁ ገምቺ።

እሷ፦ በአባትህ መሥሪያ ቤት።

እሱ፦ በአባቴ መሥሪያ ቤት! ፖስታው ሲመጣ የውጭ ቴምብር አለው። አለቃው ጠርቶ «ልጅህ ስኮላርሺፕ አገኘ መሰለኝ» ብሎታል። አባቴ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። ሲከፍተው ሲዲ ሆነ።

እሷ፦ ወይኔ ጋሼ!

እሱ፦ እስከ ዛሬ «ያ ስኮላርሺፕህ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። ለማንኛውም መላኩ በ2011 ቆመ። ወጪውን የሸፈነው ማርክ ሻትልወርዝ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ ነው። በ2002 በሶዩዝ ጠፈር የወጣው።

እሷ፦ ኧረ! ሲዲ የላከልህ ሰው ጠፈር ወጥቷል?

እሱ፦ ሲዲውን ከመላኩ በፊት ነው የወጣው።

እሷ፦ እንግዲህ ከዚያ ሆኖ ያላችሁበትን አይቶ ነው። እሺ፣ ወደ ርዕሳችን። ሰውን እንዴት ነው የምታሳምኑት? ስለ ነጻነት ንግግር ታደርጋላችሁ?

እሱ፦ መጀመሪያ እናደርግ ነበር። ሪቻርድ ስታልማን በ1983 ግኑ የሚባለውን የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ሲጀምር፣ ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሆኖ ከርነሉን፣ የሊኑክስን እምብርት ሲጽፍ፣ እያልን። ሰዉ ያዳምጣል፣ ያጨበጭባል፣ ከዚያ «ታዲያ ኦፊስ ክራክ አለህ?» ይላል። ሳይከፈል እንዲሠራ የተሰበረውን ማለቱ ነው።

እሷ፦ (ሳቅ) እኔም የምለው እሱን ነው።

እሱ፦ ንግግሩ አልሠራም። የሠራው ፍላሽ ነው። ስለ ፎቶ ኮፒ ቤቷ እትዬ ነግሬሻለሁ?

እሷ፦ ለኔ ነግረኸኛል። ለአድማጭ ንገር።

እሱ፦ ሰፈራችን ፎቶ ኮፒ ቤት አለ። ባለቤቷ ትልቅ ሴት ናቸው፣ እትዬ ነው የምንላቸው። አንድ ቀን የግቢ ልጅ መመረቂያ ጽሑፏን ልታስጠርዝ መጣች። ለማስረከብ የቀራት ያችው ከሰዓት ነች። ፍላሿን ሰካች። ፎልደሩ ሁሉ ሾርትከት ሆኗል።

እሷ፦ አቤት ሾርትከት ቫይረስ! የግቢ ትዝታ ነው። ዶርማችን ግድግዳ ላይ ማጥፊያው በወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሲኤምዲ ክፈት፣ አትሪብ ጻፍ፣ ከዚያ ያ ሁሉ ጭረት።

እሱ፦ እሱው። ልጅቷ እንባዋ መጣ። እትዬ «ጠፍቷል ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ» አሏት። የሬሳ ነው ያስመሰሉት። እኔ ላፕቶፔን ይዤ ነበር። ፍላሹን ሊኑክሱ ላይ ሰካሁት፣ ፋይሎቹ ሁሉ ቁጭ ብለዋል። አንድም አልጎደለም።

እሷ፦ ምን አድርገህ ነው?

እሱ፦ ምንም! ቫይረሱ እኮ ፋይሉን አያጠፋውም። «ድብቅ» የሚል ምልክት ያደርግበትና በቦታው በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። አንቺ ሾርትከቱን ስትጫኚ መጀመሪያ ቫይረሱ ይነሳል፣ ከዚያ ፎልደሩን ከፍቶ ያሳይሻል። ስለዚህ ምንም የሆነ አይመስልሽም። ሊኑክስ ደግሞ ያን የመደበቂያ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ያለውን ሁሉ ያሳያል። ሾርትከቱም ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ እዚያ ቢጫኑት አይነሳም። ልጅቷ አሳተመች፣ ሄደች።

እሷ፦ እትዬስ?

እሱ፦ እትዬ ዝም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ከየትኛው ድርጅት ነህ?» አሉኝ።

እሷ፦ (ሳቅ) ኤንጂኦ መስለሃቸው!

እሱ፦ ከድርጅት አይደለሁም ብል አያምኑኝም። «ታዲያ ማን ይከፍልሃል?» ማንም። «ይሄን ፕሮግራም የሠራውንስ ማን ይከፍለዋል?» ጥያቄያቸው ልክ ነው እኮ። ሰው ሁሉም በጎ ፈቃደኛ ይመስለዋል። የሊኑክስን ከርነል አብዛኛውን ሥራ የሚሠሩት ደመወዝተኞች ናቸው። ኢንቴል፣ ሬድ ሃት፣ ጉግል የሚባሉ ኩባንያዎች ቀጥረዋቸው።

እሷ፦ ይሄን ሳትደብቅ መናገርህ ጥሩ ነው። እኔ እንኳ ሁሉም ሌሊት ቡና እየጠጡ በነጻ የሚጽፉ ልጆች ይመስሉኝ ነበር።

እሱ፦ እነሱም አሉ። ብቻ እትዬን ለመንኳቸው። ሦስት ኮምፒውተር አላቸው፣ ሦስቱም በቫይረስ የበሰበሱ። አንዱን ስጡኝ አልኩ። በሩ አጠገብ ያለውን፣ የማይረባውን ሰጡኝ። አራት ጊጋ ራም። ሊኑክስ ሚንት ጫንኩበት፣ ቀለል ያለውን፣ ኤክስኤፍሲኢውን። ፕሪንተሩን ስሰካው ወዲያው አወቀው። እትዬ ተደነቁ። ትልቁ ኮፒ ማሽን ግን ስካነሩ እምቢ አለኝ። እስከ ዛሬም እምቢ እንዳለ ነው።

እሷ፦ ያውልህ! ማስታወቂያው ላይ ይሄን አትሉም።

እሱ፦ እኔ እላለሁ። የከፋው ግን እሱ አልነበረም፣ የአማርኛው ጽሑፍ ነው። የቤት ኪራይ ውሉ፣ የውክልናው ፎርም፣ የዕድሩ ደብዳቤ፣ ሁሉም በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ሁሉ በጋራ በሚያውቀው የፊደላት ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ በስሪት 3.0። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፎንቶች ፊደሉን በላቲኑ ቦታ ነው የሚያስቀምጡት። ፎንቱ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዶላርና ኮማ ብቻ ይሆናል።

እሷ፦ «አከራይ እና ተከራይ» ዶላርና ኮማ።

እሱ፦ እሱን እንኳ ፎንቱን ኮፒ አድርጌ ፈታሁት፣ መነበብ ጀመረ። ታይፒስቷ ግን! እጇ በድሮው ኪቦርድ ነው የለመደው። ስክሪኑን ሳታይ ነው የምትጽፈው፣ እያወራች፣ ደንበኛ እየሰደበች። እኔ ሊኑክሱ ላይ ያስገባሁላት ሴራ የሚባለውን ነው፣ በእንግሊዝኛ ድምፅ የሚጻፈውን። አንድ አንቀጽ እንደሞከረች ተነሳች። «ይሄ ጨዋታ ነው፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ።

እሷ፦ ልክ ነች! ዝም ብላችሁ «ቀላል ነው፣ ትለምዱታላችሁ» ትላላችሁ። የምትኖረው በገጽ ክፍያ ነው። እስክትለምድ ማን ይከፍላታል?

እሱ፦ እሱን እኮ ነው የምልሽ። ያኔ እትዬ አንድ ሐሳብ አመጡ፣ የኔ አይደለም። «ያንተ ማሽን በሩ ላይ ትቀመጥ፣ ፍላሽ ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይግባ» አሉ። ደንበኛ ሲመጣ ፍላሹ ሊኑክሱ ላይ ይሰካል። ሾርትከቶቹ ይጠፋሉ፣ ፋይሉ ተለይቶ ወደ ውስጥ ይሄዳል። አሁን ከሌላ ሰፈር ሳይቀር ይመጣሉ። «ፍላሽ ማጠቢያው ይሠራል?» ብለው ነው የሚጠይቁት።

እሷ፦ (ሳቅ) ስሙን ሰዎች አወጡለት?

እሱ፦ ታይፒስቷ ነች ያወጣችው። እትዬ በመታጠቢያው ያስከፍላሉ።

እሷ፦ ያስከፍላሉ? በነጻው ሶፍትዌር?

እሱ፦ መብታቸው ነው! ፈቃዱ ይፈቅዳል። ገንዘብ አትቀበሉ የሚል የለም።

እሷ፦ ግን እኮ ሊኑክስን አላስተዋወቅክም። እጥበት ነው የከፈትከው። አንድም ደንበኛ ምን እንደሆነ አያውቅም።

እሱ፦ ሁለት ልጆች ጠይቀዋል። «ይሄ ምንድን ነው፣ ለምን አይያዝም?» ብለው። አንደኛው አሁን ቅዳሜ ከእኛ ጋር ነው የሚጭነው። በንግግራችን ይሄን ያህል ሰው አላገኘንም።

እሷ፦ እሺ፣ ይሁንልህ። ግን የኔን ጥያቄ አልመለስክም። እዚህ አገር ዊንዶውሱም በነጻ ነው። ፎርማት ለሚያደርግልህ ልጅ ትንሽ ትከፍላለህ፣ ኦፊሱም ፎቶሾፑም ተጭኖ ይመጣል። «ነጻ ነው» ስትለኝ ምን ጨመርክልኝ?

እሱ፦ ክራኩን ስትጭኚ አንቲቫይረሱን አጥፊ ይልሻል አይደል? ማሻሻያውንም ዝጊ ይልሻል።

እሷ፦ ይላል።

እሱ፦ በሩን ከፍተሽ ተኛሽ ማለት እኮ ነው። ክራኩን የሠራው ሰው ውስጡ ምን እንደከተተ አታውቂም፣ ኮዱን ማንም አያየውም።

እሷ፦ የሊኑክሱንስ ኮድ አንተ አንብበኸዋል?

እሱ፦ እኔ አላነበብኩም። የሚያነቡ ሰዎች አሉ።

እሷ፦ እንግዲያው ሁለታችንም ሰው አምነን ነው የምንኖረው።

እሱ፦ እኔ የማምነው በግልጽ የሚሠራውን ነው፣ ልዩነት አለው። ደግሞ አንቺ ራስሽ ክፍት ሶፍትዌር አልጠቀምም ትያለሽ። ፊልም በምንድን ነው የምታዪው?

እሷ፦ በቪኤልሲ።

እሱ፦ ይኸው! ብርቱካናማዋ የመንገድ ሾጣጣ! በ1996 ኤኮል ሳንትራል ፓሪስ የሚባል የፈረንሳይ ትምህርት ቤት ተማሪዎች የጀመሩት ነው። በ2001 ጂፒኤል በሚባለው የነጻ ሶፍትዌር ፈቃድ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ስልክሽ አንድሮይድ ነው፣ ከሥሩ ሊኑክስ ነው ያለው። ጤና ጣቢያ ሪፖርት የሚሞላበት ዲኤችአይኤስ 2 ክፍት ነው፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የመጣ። ማንም ንግግር አላደረገልሽም፣ ስለሠራ ብቻ ወሰድሽው።

እሷ፦ ቪኤልሲን እወዳለሁ፣ አልክድም። ፒችትሪ ግን አለብኝ፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ። የሦስት ድርጅት ሒሳብ እይዛለሁ። ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

እሱ፦ በቀጥታ አይሠራም። በዋይን፣ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው፣ የሚሞክሩ አሉ፣ ለሰው ሒሳብ ግን አልመክርሽም።

እሷ፦ አለቀ!

እሱ፦ አላለቀም፣ ሁለቱን ጎን ለጎን መጫን ይቻላል። ሲነሳ ይጠይቅሻል፤ ለሒሳብ ዊንዶውስ፣ ለኢንተርኔቱና ለሌላው ሊኑክስ።

እሷ፦ ዊንዶውሱን ከኢንተርኔት ላርቀው ማለት ነው? እሱስ ክፉ አይደለም። ግን አላመንኩም፣ ይመዝገብልኝ።

እሱ፦ ተመዝግቧል።

እሷ፦ ስለ ሶፍትዌር ነጻነት ቀን ልጠይቅህ ጽፌ ነበር፣ ሰዓቱ አለቀ። ቶሎ በል።

እሱ፦ ከ2004 ጀምሮ ይከበራል፣ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ። ለኛ ከእንቁጣጣሽ ጥቂት ቀን በኋላ ነው የሚውለው። የሰው ኪስ ከበዓሉ ባዶ ነው፣ ነጻ ነገር ሲባል ይመጣል። አዳራሽ ቢገኝ ጥሩ ነው፣ ሶኬት ያለው ክፍል ግን ይበልጣል። አይኤስኦውን፣ የሊኑክሱን መጫኛ ፋይል፣ ቀድማችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። የሚንቱ ሦስት ጊጋ ገደማ ነው፣ ማንም እዚያ ቁጭ ብሎ በዳታው አያወርደውም። ከፍላሹ ሳትጭኑ አስነሱና አሳዩት፣ ሰውየው ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ፕሪንተሩን በራሱ ማሽን ይሞክር። ካልሠራ አትጫኑ። ከጫናችሁ ደግሞ ስልካችሁን ስጡ፣ ምክንያቱም ሰኞ ይደውላል።

እሷ፦ አንተ ታነሳለህ?

እሱ፦ ሰኞን አነሳለሁ። ማክሰኞ ለዚያ ለአዲሱ ልጅ አዞረዋለሁ።

እሷ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ቅዳሜ የእህቴን ላፕቶፕ አመጣለሁ። የኔን አይደለም፣ የእህቴን። እሷ ፒችትሪ የላትም።

እሱ፦ ፎቶዎቿን ሌላ ቦታ ገልብጣ ትምጣ። ቻርጀሩንም እንዳትረሺ፣ ባለፈው ግማሹ ሰው ያለ ቻርጀር ነው የመጣው።