ዘነበ፤ ከዚያስ?

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ድርቅ ብዙ ተብሏል። ዛሬ ስለ ዝናቡ ልናገር ነው የመጣሁት።

ታስታውሳላችሁ፤ በአፍሪካ ቀንድ ከጥቅምት 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። ቦረና፣ ሶማሌ ክልል፣ ሰሜን ኬንያ፣ ሶማሊያ፣ ሁሉም ጋ ከብቱ አለቀ። በመጋቢት 2015 ግን ዘነበ። በብዙ ቦታ ከወትሮውም በላይ ጣለው። ያኔ ብዙዎቻችን «ተመስገን፣ ድርቁ አለፈ» አልን። ተመስገኑ ልክ ነው። «አለፈ» በሚለው ላይ ግን ትንሽ ልከራከር።

ዝናብ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ አያድንም፤ ተራ አለው። ኩሬው በቀናት ይሞላል፤ ውሃ ፍለጋ የሚኬድበት መንገድ ወዲያው ያጥራል። ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ሣሩም በሳምንታት ውስጥ ያቆጠቁጣል። የከርሰ ምድር ውሃ ግን ወራት፣ አንዳንድ ቦታም ዓመታት ይፈልጋል።

ከሣሩ በኋላ ወተቱን መጠበቅ አለ። ፍየል ካረገዘች አምስት ወር ገደማ፣ ላም ዘጠኝ ወር፣ ግመል ደግሞ ከዓመት በላይ ትቆያለች። ያውም መጀመሪያ ሰውነታቸው ማገገም አለበት። ዛሬ የተወለደች ጥጃ ራሷ እስክትወልድ ሦስት አራት ዓመት ያልፋል። ከብቱ ያለቀበት አባወራ ሣር እስከ ጉልበቱ ቢደርስለት ምን ያደርግበታል? ቢሮ ቁጭ ብሎ የሳተላይት ካርታው አረንጓዴ ሲሆን መደሰት ቀላል ነው። እዚያ ካርታ ላይ ላም አትታይም።

የመጀመሪያው ዝናብ ራሱም ጣጣ አለው። በረሃብ የከሳ ከብት ብርዱን አይችልም። ድርቁን በስንት መከራ አልፎ በዝናቡ ማግስት ይሞታል። ሣር አልባ ሆኖ የደነደነ መሬት ደግሞ ውሃውን ወደ ውስጥ አያስገባም፤ ጎርፍ አድርጎ ይሰደዋል። በግንቦት 2015 የሸበሌ ወንዝ ሞልቶ የሶማሊያዋን በለድወይኔ ከተማ አጥለቀለቀ። ከኢትዮጵያ ደጋ የወረደው ዝናብም ነበረበት። ሰው ከድርቁ ገና ሳያገግም ከቤቱ ተፈናቀለ።

ስለዚህ ለእርዳታ ድርጅቶችና ለመንግሥት ኃላፊዎች የምለው ይህ ነው። ዝናብ ጣለ ብላችሁ የገንዘብ ድጋፉን አታቋርጡ፤ ቢያንስ የተረፉት ፍየሎች ወልደው እስኪታለቡ ይቆይ። የእንስሳት ሐኪሞቹን መጀመሪያው ዝናብ ሳይጥል ላኩ፤ ከጭቃው በኋላ መኪና አይገባም። የጉድጓድ ፓምፖች ጥገናም ኩሬው ሞልቶ ወረፋው ቀለል ባለበት ሰሞን ይሁን። ደርቆ ሰው ሲሰለፍ ነው መለዋወጫ ፍለጋ የምንሯሯጠው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ።

ከሰዓት በኋላ በየቡድናችሁ ስለ በጀት ስትነጋገሩ እነዚህን ሦስቱን አስገቡልኝ። አመሰግናለሁ።