11 ቀን የምትቀድመን ጨረቃ

ሐና፦ ጤና ይስጥልን፣ እንደምን ከረማችሁ። ሐና ነኝ።

ከድር፦ እኔ ከድር። ባለፈው ቃል እንደገባነው ዛሬ የምናወራው ስለ ፊቼ ጫምባላላ ነው። የሲዳማ አያንቶዎች፣ የሰማይ አዋቂዎቹ፣ ሰማይ እያዩ የዘመን መለወጫውን ቀን እንዴት እንደሚቆርጡ። ሐዋሳ ሄጄ ያየሁትንም...

ሐና፦ ከድርዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። የጳጉሜን 2ቱን ሳላወራ ሐዋሳ አልሄድም።

ከድር፦ የጨረቃዋን?

ሐና፦ አዎ! ጳጉሜን 2 ቀን 2017፣ እሁድ ማታ። ጨረቃ ሙሉ በሙሉ የተጋረደችበት። አይተሃል አይደል?

ከድር፦ ደመና ነበር እኮ እኛ ሰፈር።

ሐና፦ እኛም ጋ ደመና ነበር። ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ነው የዋለው። ማታ 2፡30 ላይ ሙሉ ለሙሉ ትጋረዳለች ተብሏል። ልጆቹን ጃኬት ደራርቤላቸው አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ወጣን። ምንም የለም። ጥቁር ሰማይ። ትንሹ ልጄ «እማ፣ ጨረቃ ተኝታለች» ብሎ ሊገባ ሲል ደመናው በአንድ በኩል ተከፈተ። ከድር፣ አመድ የለበሰ ፍም አይተህ ታውቃለህ? ዳር ዳሩ ግራጫ፣ መሃሉ ቀይ። ልክ እንደዛ።

ከድር፦ ሱብሃነላህ።

ሐና፦ ጎረቤታችን እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡና «እግዚኦ» አሉ። ከዛ ማንም አልተናገረም። ቅላቷ የቆየው 1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ነው። ደመናው ሲከፍት ሲዘጋ፣ ሲከፍት ሲዘጋ። ልጆቹ ቡልኮ አምጥተው እዛው ተቀመጡ።

ከድር፦ ለምን ቀላች ግን?

ሐና፦ ምድር በፀሐይና በጨረቃ መሃል ስትገባ ጥላዋ ጨረቃ ላይ ያርፋል። ግን የምድር አየር የፀሐይን ብርሃን ትንሽ ያጥፈዋል። ሰማያዊው ይበተናል፣ ቀዩ ያልፋል። በዛች ሰዓት በምድር ዙሪያ ፀሐይ የምትወጣበትና የምትጠልቅበት አገር ሁሉ ቅላት ነው ጨረቃ ላይ የሚያርፈው። ይኼን ለልጆቹ ስነግራቸው ትልቋ «የሁሉም ሰው ማታ ነው?» አለችኝ።

ከድር፦ አባቴም ያን ቀን ከደሴ ደውሎልኛል። መስጂድ ሶላተል ኹሱፍ ሰግደው መምጣታቸው ነበር። ጨረቃ ስትጋረድ የሚሰገድ የራሱ ሶላት አለው። «አየሃት?» አለኝ። አላየሁም ስለው አዘነብኝ።

ሐና፦ እውነቱን ነው! እና እማማ ሁሉም ካለፈ በኋላ ቡና አፈሉ። ጀበናው ሲንተከተክ ወደኔ ዞረው «ለመሆኑ ኮከብሽ ምንድን ነው?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ አክስቴ አስቆጥራልኛለች። ዐቅራብ ነኝ አልኳቸው።

ከድር፦ ዐቅራብ? ጊንጥ?

ሐና፦ ጊንጥ።

ከድር፦ አሁን ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ለዚህ ነዋ ማይኩን የማትለቂው። በይ ቀጥዪ ዐቅራብ።

ሐና፦ (ሳቅ) ቆይ ግን፣ ዐቅራብን እንዴት አወቅከው?

ከድር፦ ዐረብኛ ነዋ! መድረሳ ገብቻለሁ እኮ። ዐቅራብ ጊንጥ ነው። ሌሎቹን ጥሪልኝ እስቲ።

ሐና፦ ሐመል፣ ሰውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን፣ አሰድ፣ ሰንቡላ፣ ሚዛን፣ ዐቅራብ፣ ቀውስ፣ ጀዲ፣ ደለዊ፣ ሑት።

ከድር፦ አንድ በአንድ ዐረብኛ ነው! ሐመል ግልገል በግ፣ ሰውር በሬ፣ አሰድ አንበሳ፣ ሚዛን ያው ሚዛን፣ ቀውስ ቀስት፣ ሑት ዓሣ። ይኼ በየደብተራው ቤት ያለው ዐውደ ነገሥት ውስጥ ነው?

ሐና፦ እዛው ውስጥ። ከባቢሎን ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ዐረብ፣ ከዐረብ ወደኛ የመጣ ነው። የኛ ደብተራና ያንተ መድረሳ አንድ ሰማይ ነው የተካፈሉት።

ከድር፦ አቆጣጠሩ እንዴት ነው?

ሐና፦ ያንተን ስምና የእናትህን ስም ይይዛሉ። እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ይደመራል፣ ለ12 ይካፈላል፣ የተረፈው ኮከብህ ነው። አየህ፣ የተወለድክበት ቀን የለበትም። የጋዜጣው ግን በልደት ቀን ነው። እኔ የተወለድኩት ጥቅምት 5 ነው። በጋዜጣው ሚዛን ነኝ፣ በደብተራው ዐቅራብ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም።

ከድር፦ ለኔ ዐቅራብ ነሽ።

ሐና፦ እሺ። ግን አሁን ከልቤ የምናገረው ነገር አለ። ያቺ ኮከቤን ያስቆጠረችልኝ አክስቴ አላገባችም። የምትወደው ሰው ነበራት። ሽማግሌ ተልኮ፣ ነገር አልቆ፣ ቀን ሊቆረጥ ሲል አንድ ደብተራ ጋ ሄደው አስቆጠሩ። «ኮከባቸው አይገጥምም» አለ። በቃ። ቤተሰቡ ፈራ፣ ቀረ። ሰውየው ሌላ አገባ። አክስቴ ለሠርግ ያስፈተለችውን ጥበብ አሁንም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣዋለች። በዓመት አንዴ አውጥታ ታናፍሰዋለች። እኔ አብሬያት አጥፌዋለሁ። ናፍታሊን ይሸታል።

ከድር፦ አላህ ያጽናት።

ሐና፦ በመደመርና በማካፈል የሰው ዕድሜ ሲበላሽ አይቻለሁ። ስለዚህ ኮከብ ቆጠራ ሲባል ደሜ ይፈላል።

ከድር፦ እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ እለይሻለሁ። ችግሩ የፈሩት ሰዎች ናቸው። ቆጠራው ባይኖር ሌላ ምክንያት ይፈልጉ ነበር። ዘር ይሉ ነበር፣ አጥንት ይሉ ነበር።

ሐና፦ ሊሆን ይችላል። ግን ምክንያቱን ያቀበላቸው እሱ ነው።

ከድር፦ በሃይማኖትም ቢሆን በኛም በናንተም የተወገዘ ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ያስቆጥራል። እኔ የምልሽ፣ ሰማይ ማየትን ከዚህ ጋር አብረሽ እንዳትጥዪው።

ሐና፦ አልጥልም! እንዴት እጥላለሁ? አያቴ እኮ ባሕረ ሐሳብ አዋቂ ነበሩ። እሱ ሌላ ነው። እሱ ጥንቆላ አይደለም፣ የጾምና የበዓል ቀን ማውጫ ሒሳብ ነው።

ከድር፦ አሁን ፊቼ ልጀምር ነበር፣ ተዪው፣ አያትሽን ንገሪን።

ሐና፦ ሁለት ደቂቃ። አያቴ በጣታቸው አንጓ ነበር የሚቆጥሩት። አውራ ጣታቸው በሌሎቹ ጣቶች አንጓ ላይ ሲሮጥ አያለሁ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ከዛ «ፋሲካ እንዲህ ቀን ነው» ይላሉ። የዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደምራሉ። ለ19 ያካፍላሉ። ከቀሪው 1 ይቀንሳሉ፣ ያ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ያበዙና 30 30ውን ይገድፉታል። የቀረው አበቅቴ ነው። የዘንድሮውን እንሥራው። 5500 እና 2018?

ከድር፦ 7518።

ሐና፦ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 13። 1 ሲቀነስ 12። በ11 ሲባዛ 132። 30 30ው ሲወጣ 12። የ2018 አበቅቴ 12 ነው። መጥቅዑ ደግሞ 18። ሁለቱ ሁልጊዜ ሲደመሩ 30 ናቸው። ከመጥቅዑ ተነስተህ ነነዌ፣ ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ፣ ሁሉም ይወጣል።

ከድር፦ 11 ከየት መጣ?

ሐና፦ ጥሩ ጥያቄ። የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ነው። 12 ጨረቃ ግን 354። ልዩነቱ...

ከድር፦ 11! የረመዷኗ 11!

ሐና፦ ምን?

ከድር፦ ረመዷን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን የሚቀድመው በሷ እኮ ነው! እኛ ትርፏን አንይዝም፣ እንለቃታለን፣ ጾሙ ወቅቱን ሁሉ ይዞራል። ልጅ ሆኜ በክረምት ጾሜያለሁ፣ በበጋ ጾሜያለሁ። እናንተ ግን አስቀምጣችሁ ትቆጥሯታላችሁ። አንድ 11 ናት! እኔና አንቺ ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ ይኼን አላወራንም?

ሐና፦ ጸጉሬ ቆመ።

ከድር፦ አባቴ ከረመዷን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሲያልቅ ማታ አዲሷን ጨረቃ ለማየት ደሴ ኮረብታው ላይ ይዞኝ ይወጣ ነበር። ትከሻው ላይ አስቀምጦኝ። «ያንተ ዓይን ልጅ ነው፣ ቀጭኗን ፈልግ» ይለኛል። እንደ ጥፍር ቁራጭ ናት። እኔ ቀድሜ ሳያት የነበረው ደስታ!

ሐና፦ እኔም የሚገርም ላሳይህ። የአያቴ ዳዊት እኔ ጋ ነው። ብራናው ጠርዝ ላይ የልጅ ልጆቻቸውን ልደት ጽፈዋል። የኔ ምን ይላል መሰለህ? «ጥቅምት 5 ቀን 1980 በአቦ ቀን። አበቅቴ 12።»

ከድር፦ ዘንድሮስ 12 አይደለም እንዴ?

ሐና፦ 12 ነው! በ19 ዓመት አንዴ ይመለሳል። ንዑስ ቀመር ይሉታል። ጨረቃ በ19 ዓመት ወደዛው ቀን፣ ወደዛው መልኳ ትመለሳለች። በ1999 19 ሲሞላኝ አላወቅኩም። አያቴም አርፈው ነበር። ዘንድሮ ግን 38 ሞላኝ። ጥቅምት 5 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳሁ። ወጣሁ። በስተምሥራቅ ከግማሽ ትንሽ ያነሰች ጨረቃ ነበረች፣ ጥርት ብላ። የተወለድኩ ቀን እናቴ ያየቻት ጨረቃ ናት። ለእናቴ ደወልኩላት። «ምን ሆንሽ በዚህ ሌሊት?» አለች። «ውጪና እዪ» አልኳት።

ከድር፦ ...ቆይ ውኃ ልጠጣ።

ሐና፦ አሁን ፊቼን ጀምር። አልናገርም።

ከድር፦ ማን ያምንሻል ዐቅራብ። እሺ። አንድ ጓደኛዬ ቤተሰቦቹ ጋ ጋበዘኝ። አባቱን «አባባ» ነው የምላቸው። አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች የጨረቃንና የከዋክብትን አካሄድ ተከታትለው ቀኑን ይለያሉ። ከዛ ለየጎሳው ይነገራል። የተወሰነ ቀን የለውም፣ ሰማዩ ነው የሚወስነው። ሳምንታቸውም 4 ቀን ነው። ዲኮ፣ ዴላ፣ ቀዋዶ፣ ቀዋላንካ። 7 ሳምንት አንድ ወር፣ 28 ቀን። 13 ወር አንድ ዓመት።

ሐና፦ 13 ወር፣ እንደኛው!

ከድር፦ የነሱ ግን ሁሉም እኩል ነው። የዋዜማው ማታ ከእርጥብ እንጨት የተሠራ መሹለኪያ አለ፣ ሁሉቃ ይሉታል። ቤተሰቡ በሱ ሥር ያልፋል። እኔም አለፍኩ። ቅጠሉ ፊቴን ነካኝ፣ እርጥብ ነበር። ከዛ ቡርሳሜ ቀረበ። ከእንሰት የሚሠራ፣ ቅቤው ከላይ የሚዋኝ፣ በሻፌታ፣ በሸክላው። አንድ ላይ ከበን በላን። በማግስቱ ሕፃናት ቤት ለቤት «አይዴ ጫምባላላ» እያሉ ይዞራሉ፣ ይበላሉ፣ ቅቤ ይቀባሉ። ጉዱማሌ አደባባይ ላይ ደግሞ ቄጣላው፣ ጭፈራው! ሽማግሌዎቹ ሲጨፍሩ መሬቱ ይሰማሃል።

ሐና፦ ታሪኩ የሴት ነው አይደል?

ከድር፦ አዎ። አግብታ የሄደች ሴት በዓመት አንዴ ቡርሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፣ ወላጆቿም ለጎረቤት ያካፍሉ ነበር። ፊቼ በሷ ስም ነው። በ2008 ዩኔስኮ መዝግቦታል።

ሐና፦ ባዕድ አምልኮ ነው የሚሉም አሉ።

ከድር፦ እኔ የሰማሁትን ልንገርሽ። ሽማግሌዎቹ ቆመው የመከሩት፣ አገር በቀል ዛፍ አትቁረጡ፣ በሐሰት አትመስክሩ፣ አትስነፉ፣ ታላቅ አክብሩ ነው። ከብቱ ጥሩ ሣር ላይ ይለቀቃል። ይኼን የሚጠላ ሃይማኖት አላውቅም።

ሐና፦ አንዳንዱ ሰው ግን ሥርዓቱን ነው የሚፈራው፣ ምክሩን አይደለም። እሱንም እረዳለሁ።

ከድር፦ እሱን ሌላ ቀን እንጨቃጨቅበት። አንድ ነገር ብቻ። እንግሊዝ ስቶንሄንጅ የሚሰበሰቡት ለፀሐይ ነው፣ ሰኔ ላይ ለረጅሙ ቀን። እኛ ጋ እንዲህ ያለ የጎላ በዓል ለምን የለም እያልኩ...

ሐና፦ እነሱ ጋ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መሃል ወደ 9 ሰዓት ልዩነት አለ! አዲስ አበባ 1 ሰዓት አካባቢ ናት። ብርሃን አይርበንም። እኛን የሚለውጠን ዝናብ ነው። ሲዘጋ፣ ሲከፍት፣ አደይ ሲፈነዳ።

ከድር፦ ጸደይ ሲገባ።

ሐና፦ መፀው! ከድር፣ መፀው በል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ የበልጉ ጊዜ ነው። አደይ አበባን ጸደይ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ሁሉ...

ከድር፦ ተናደፈች! እሺ፣ መፀው።

ሐና፦ መፀው። ይልቅ ንገረኝ፣ ዛሬ በሲዳማ ቀን ምንድን ነው? ዲኮ ነው፣ ዴላ ነው?

ከድር፦ እንጃ። አባባ ግን ያውቃሉ።

ሐና፦ ደውልላቸው።

ከድር፦ አሁን?

ሐና፦ አሁን። ስፒከር ላይ አድርገው።

ከድር፦ (ስልክ ይጠራል) ...ሃሎ፣ አባባ? ከድር ነኝ፣ ከአዲስ አበባ። ደኅና ነዎት? እማማስ? ከብቱስ? ...ኧረ ደኅና ነን፣ ዝናብ ነው እዚህ። አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ...አይ፣ በናንተ። በናንተ ቀን።