በሬ ይበሳል እንዴ?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም። የምቀዳው ባሕር ዳር፣ ቤቴ በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስለሆነ ባጃጅ ሲያልፍ ከሰማችሁ ታገሱኝ። የማወራችሁ ስለ አንዲት ቀዳዳ ነው። ነገሯ የ2 ሴንቲሜትር ናት፣ ግን ሦስት ሳምንት በላችብኝ።

የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ውሃ ውስጥ እጠልቃለሁ። ጅቡቲ ስሠራ ነው የተማርኩት። አሁን ጣና ላይ ነኝ፤ የወደቀ የሞተር ጀልባ ፕሮፔለር መፈለግ፣ የጀልባ ሆድ ማየት፣ እንዲህ ያለ ሥራ። ለማታውቁት ዕቃውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ባክፕሌት ማለት ጀርባ ላይ የሚታዘል ሳህን መሰል ብረት ነው፣ ትከሻና ወገብ ላይ በናይለን ማሰሪያ ይታሰራል። ከኋላው የአየር ሲሊንደሩ አለ። በሁለቱ መሀል ደግሞ ዊንግ የሚባለው ከረጢት ይገባል፣ ሲነፋ የመኪና ካላማዳሪያ የሚመስል። አየር ስትጨምሩበት ያነሳችኋል፣ ስታስወጡለት ትወርዳላችሁ። ልኩን ካገኛችሁት ወደ ላይም ወደ ታችም ሳትሉ ባላችሁበት ትቆማላችሁ። የዚህ ሙያ ግማሹ እሱ ነው።

ጅቡቲ የምይዘው ባክፕሌት ስቴንለስ ነበር፣ ወደ ሦስት ኪሎ የሚጠጋ። እዚያ ጥሩ ነው፣ የባሕር ውሃ ጨው ስላለው ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ጣና ግን ጨው የለውም። የባሕር ውሃ ከእንዲህ ዓይነቱ ውሃ 2.5 በመቶ ገደማ ይከብዳል፤ ትንሽ ትመስላለች አይደል? እኔ ከነዕቃዬ መቶ ኪሎ ብሆን ጣና ላይ ሁለት ኪሎ ተኩል ያህል ክብደት መቀነስ አለብኝ ማለት ነው። የክብደት ቀበቶዬን አውልቄም ከበደኝ። ከታች ደግሞ ጭቃ ነው፣ አንዴ ከነካችሁት እጃችሁን እንኳ አታዩም። ስለዚህ ስቴንለሱን ትቼ አንድ ኪሎ የማትሞላ የአሉሚኒየም ባክፕሌት ገዛሁ። ያገለገለች ናት፣ ማን እንደሠራት ምልክት እንኳ የላትም።

ቤት ወስጄ ዊንጉን ላስር ስል አልገጠመም።

አብዛኛው ባክፕሌት ላይ ሁለት የብሎን ቀዳዳ አለ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች፣ በመሀላቸው 28 ሴንቲሜትር ገደማ። ዊንጉም በዚያው ልክ ቀዳዳ አለው፣ ዙሪያው በብረት ቀለበት የተያዘ። የገዛኋት ግን 26 ናት። የላይኛውን ሳስገባ የታችኛው እምቢ፣ የታችኛውን ሳስገባ የላይኛው እምቢ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ «ሁሉም አንድ ነው፣ ትንሽ ሳብ አርገው» አለኝ። ሳብኩት። ጨርቁ ተሸበሸበ፣ ከረጢቱ በአንድ ጎን ተንጋደደ። እንዲህ ሆኖ ሲነፋ አየሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ እናንተም አብራችሁ ትዞራላችሁ።

ያን ሰሞን አባየ ከመራዊ ለዓይኑ ሕክምና መጥቶ እኔ ጋ ነበር። ጠዋት ጠዋት እዚሁ በረንዳ ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ፀሐይ ይሞቃል። እኔ ከፊቱ መሬት ላይ ዕቃውን ዘርግቼ፣ በእጄ ወስፌ ይዣለሁ። አዎ፣ ወስፌ። ብረቱን ከምነካ ዊንጉን 2 ሴንቲሜትር ገባ ብዬ ልብሳውና ጫማ ሰፊ ጋ ወስጄ ቀለበት ላስመታበት አስቤ ነው። ጨርቅ መብሳት ቀላል መስሎኝ።

«ምንድነው እሱ?» አለኝ።

«ውሃ ውስጥ የሚያንሳፍፍ ከረጢት ነው አባየ።»

«አንተ ልትሰምጥ አይደል እንዴ የምትሄደው? ማንሳፈፊያው ምን ያረግልሃል?»

ሳቄ መጣ። እንደምንም አስረዳሁት። ሰማኝ፣ ከዚያ ባክፕሌቷን አንስቶ ቀዳዳዎቹን በአውራ ጣቱ ዳሰሳቸው። ዓይኑ ደከም ብሏል፣ እጁ ግን ያያል። «እና ይሄ ብረት ቀንበሩ ነዋ» አለ። «ያኛው በሬው። አንገቱ የሚሰፋ በሬ ሲመጣብህ ቀንበሩን አዲስ ቀዳዳ ትበሳለታለህ፣ ማነቆውን ወጣ አርገህ ትተክላለህ። በሬ ይበሳል እንዴ?»

ወስፌውን አስቀመጥኩት። እውነቱን ነው። ዊንግ ውስጥ አየር የሚይዘው ፊኛ ከውጭ አይታይም፣ የት ጋ እንደሚያልቅ ከላይ ሆናችሁ አታውቁም። ብትስቱት ዕቃው አለቀ፣ ወይም ደግሞ አላለቀም መስሏችሁ ይዛችሁት ትገባላችሁ፣ እሱ ይብሳል። ብረት ግን ቢበላሽ ብረት ነው፣ ሌላ ይገዛል።

ብየዳ ቤት ሄድኩ። ባለቤቱ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ባክፕሌቷን አዩና መጀመሪያ የጠየቁኝ «የትኛውን ነው የምታንቀሳቅሰው?» ብለው ነው። አላሰብኩበትም! እኔ የቆጠርኩት ከላይ አንድ ከታች አንድ ሴንቲሜትር ላወጣ ነው። እሳቸው በእርሳስ አስምረው አሳዩኝ። 8 ሚሊ ብሎን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለበት አንድ ሴንቲሜትር ፈቀቅ ብለህ ሌላ ብትበሳ በመሀል የምትቀረው ብረት ክር ናት፣ ትቀደዳለች። ስለዚህ አንዱን ትተን ሌላውን ሙሉ 2 ሴንቲሜትር ማንቀሳቀስ። የላይኛውን ወደ ላይ ካወጣነው ዊንጉ ወደ ትከሻዬ ይጠጋል፣ እግሬ ይወርዳል። የእኔ እግር ደግሞ ድሮም ይወርዳል። የታችኛውን ወደ ታች አወረድነው። የሲሊንደሩ ቀበቶዎች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች ከዊንጉ ጋር መገጣጠማቸውንም ለካን፣ እነሱ ደግነቱ ረዘም ያሉ ስለሆኑ ቻሉት።

ጋሼ በትራፓኖ ሲበሱ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ ያደርጉበታል። አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፣ ደረቁን ከበሱት ፑንታው ላይ ይለጠፋል። በቀጭን ፑንታ ጀምረው በወፍራም ጨረሱ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ጀርባውን ሞርደው» ብለው ሰጡኝ። እኔ ደግሞ ቸኩያለሁ፣ ፊቱን ሞረድ ሞረድ አርጌ ጀርባውን ረሳሁት።

ቅዳሜ ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ ገባሁ። ደንገሉ ዳር፣ ጉማሬ ከሚወደው ከዓባይ መውጫ ራቅ ብዬ፣ አራት ሜትር ውሃ ላይ። ለመሞከር ያህል ነው፣ ጓደኛዬ ጀልባ ላይ አለ። መጀመሪያ ግሩም! እግሬ ቀጥ አለ፣ ዊንጉ አልተንጋደደም። አስር ደቂቃ ቆይቶ ግን ቀስ ብዬ መውረድ ጀመርኩ። አየር ጨመርኩ፣ ቆምኩ። ደግሞ ወረድኩ። ደግሞ ጨመርኩ። ከዚያ ሳላስበው ጉልበቴ ጭቃው ውስጥ ገባ፣ ዓለም ቡናማ ሆነ።

ወጣሁ። አራት ሜትር ስለሆነ ምንም አይደለም፣ ግን ልቤ ደንግጧል። የጣናን ነገር ላንሳ፣ ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ሐይቁ ያለው ግን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ሁሉ ለጠላቂ የከፍታ ጠለቃ ነው የሚባለው፣ ስንት ሜትር ላይ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚነግረው ሰንጠረዥ ይለያል። የጣና 10 ሜትር እንደ ባሕር 12 ሜትር ይታሰባል። ከ10 ሜትር ወደ ላይ ስትመጡ ደግሞ ባሕር ላይ 1 ሊትር የነበረ አየር 2 ሊትር ይሆናል፣ እዚህ 2.2። ስለዚህ ዊንጋችሁ ወይ በደንብ ይያዝ ወይ በደንብ ይልቀቅ፣ በመሀል የሚዋልል ከሆነ ጣና አይምራችሁም።

በቀጥታ ጎሚስታ ጋ። ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና ጎሚስታ ሞልቷል። ልጁ ዊንጉን ሲያይ ሳቀ፣ ግን ገንዳው ውስጥ ሲከተው ቁም ነገረኛ ሆነ። ቀስ እያለ አገላበጠው። ታችኛው ቀለበት አጠገብ ከመርፌ ጫፍ የማትበልጥ አረፋ፣ ቆጠብ ቆጠብ እያለች እንደ ክር ትወጣለች። ባክፕሌቷን ገለበጥኩና አዲሱን ቀዳዳ በጣቴ ዳሰስኩት። ቧጨረኝ። ያልሞረድኩት ጀርባ! ስስ የብረት ጥርስ አለበት፣ ሲሊንደሩ ሲጫነው ከረጢቱን ሲያኝክ ነበር።

ልጁ በብስክሌት ማስቲሽ ልለጥፈው አለ። አልሰጠሁትም። ፊኛው ጎማ ሳይሆን ዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ የጎማ ማስቲሽ አይዘውም። «እሺ ሲሊንደሩን ልሙላልህ?» አለኝ፣ ደግ ልጅ ነው። እሱማ ጭራሽ አይሆንም። የጎማ መንፊያ ዘይት ያለበት አየር ነው የሚሰጣችሁ፣ የእኔ ሲሊንደር የሚሞላው በ200 ባር ግፊት ነው፣ ደግሞም የሚተነፈስ ነው። የኮምፕረሰሬ ታሪክ ለሌላ ቀን፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉድ ነው።

ፊኛውን ከሽፋኑ አውጥቼ በዩሬቴን ማጣበቂያ ደፈንኩት፣ ሙሉ ቀን አደረቅኩት። ቀዳዳውን ፊትና ጀርባ ሞርጄ በጨርቅ አሸሁ፣ ጨርቁ እስከማይዝ ድረስ። ብሎኑም ረዝሞ ሲሊንደሩን ሲነካ ስላየሁ ጫፉን ቆረጥኩት። ከዚያ ዊንጉን ነፍቼ ማታ ተውኩት። ጠዋት እንደነበረ አገኘሁት፣ ከበሮ።

አባየ ወደ መራዊ ተመልሷል፣ ዓይኑ ተሽሎታል። ትናንት ደወለ። ስለ ዝናብ አወራን፣ ስለ ጤፉ አወራን፣ ሊዘጋ ሲል «ቀንበሩስ?» አለኝ።

«ያዘ አባየ።»

«አሮጌውን ቀዳዳ ደፈንከው?»

አልደፈንኩትም። ለምን እንደሚጠይቅ አልገባኝም ነበር። ውሃ ስለሚገባበት እንዳይበሰብስ ነው አለኝ፣ የእንጨት ቀንበር ነው በሐሳቡ። አሉሚኒየም አይበሰብስም አባየ፣ አልኩት። «ተወው እንግዲያ» አለና ዘጋ።