ሰዓት የሚፈጀው ሰው
(በአዳዲስ አገልጋዮች ሥልጠና መዝጊያ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ይባርካችሁ።

የተሰጠኝ ርእስ «እግዚአብሔር ትሑታንን ጠርቶ ለአገልግሎት እንዴት ያስታጥቃል?» የሚል ነው። ሰዓቱ ደግሞ 20 ደቂቃ። የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ 20 ደቂቃ ለእኔ መግቢያ ነው። ዛሬ ግን ቃል አስገብተውኛል።

ከሙሴ ልጀምር። ፈርዖን ፊት ሲቆም ዕድሜው 80 ነበር። ከዚያ በፊት 40 ዓመት ምድያም ውስጥ ኖሯል። የሚጠብቃቸው በጎች እንኳ የራሱ አይደሉም፤ የአማቱ ናቸው። «ሂድ» ሲባል ሰበብ ደረደረ። እኔ ማን ነኝ አለ። ስሙ ማን ነው ቢሉኝስ አለ። ባያምኑኝስ አለ። አፌ ኮልታፋ ነው አለ። ሰበቡ ሲያልቅበት ጊዜ፣ እባክህ ሌላ ሰው ላክ አለ።

እዚህ ጋ ብዙዎቻችን በችኮላ እናልፋለን። እስቲ እንቁም። እግዚአብሔር የሙሴን ምላስ ፈታለት ወይ? መጽሐፉ እንዲህ አይልም። ከአፍህ ጋር እሆናለሁ አለው፤ ሙሴ አሁንም እምቢ ሲል ወንድሙን አሮንን ጨመረለት። ኮልታፋነቱ እዚያው እንዳለ ነው የተላከው። እኛ ብንሆን «መጀመሪያ አፍህን አስተካክል፣ ከዚያ እናያለን» እንለው ነበር።

«እኛ» ስል ራሴን ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የመጣሁት ይህን ለመናገር ነው። ርእሱ ሰበብ ሆነኝ እንጂ።

ከብዙ ዓመት በፊት የሕፃናት አስተማሪዎች መራጭ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። አንድ ወንድም አመለከተ። ግቢ ይጠርጋል፣ ወንበር ይደረድራል፣ በር የሚከፍተውም የሚዘጋውም እሱ ነው። ሲናገር ግን ይንተባተባል። ስሙን ጠየቅነውና እስኪነግረን ጠበቅን። ከዚያ «ለምን ማስተማር ፈለግህ?» አልነው። ጀመረ፤ መሀል ላይ ቃል ያዘው። እኔ ጨረስኩለት። አስቡት እንግዲህ፤ ሰውየው ጥሪውን ሊነግረን ሲታገል፣ እኔ በራሴ ቃል ጨረስኩለት! እሱም አንገቱን ደፍቶ «አዎ» አለ። ሊል የፈለገው ያንን እንዳልነበረ ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

ከወጣ በኋላ «ጥሩ ሰው ነው፤ ግን ሰዓት ይፈጃል» አልኩ። ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቃለ ጉባኤው ላይ «ለጊዜው አይመጥንም» ተብሎ ተጻፈ። በምትኩ አንድ አፈ ጮሌ ወጣት መረጥን። እሱም ጥቂት ወራት አስተማረና፣ ሳይነግረን ቀረ።

መቅረቱን እንኳ ያወቅነው ቆይተን ነው። አንድ እሑድ በዚያ ክፍል በኩል ሳልፍ ጫጫታ ጠብቄ ነበር። ጸጥ ብሏል። ብቅ ብዬ ባይ፣ ያ ወንድም የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጧል። መጥረጊያው ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ልጆቹ ከብበውታል። የዳዊትን ታሪክ እየነገራቸው ነው። «ጎ... ጎ...» ይላል፤ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ጎልያድ!» ይላሉ። «ወ... ወን...» ይላል፤ «ወንጭፍ!» ይላሉ። የማስተማሪያ ዘዴው መስሏቸዋል! ቃል ሲይዘው እነሱ ያስባሉ፤ ስላሰቡ ደግሞ አይረሱም። በዚያ ዓመት ታሪኩን አንድ በአንድ በቃላቸው የያዙት እነዚያ ልጆች ናቸው።

ማንም አልሾመውም። ቃለ ጉባኤያችን እስከ ዛሬ «አይመጥንም» እንዳለ ነው።

ወደ ሙሴ ቤት ልመለስ። ያ አንደበተ ርቱዕ አሮን በኋላ ምን ሠራ? ኦሪት ዘጸአት 31ን እና 32ን ጎን ለጎን አንብቡ። በ31 ሙሴ ተራራ ላይ ነው። እግዚአብሔር አንድ የእጅ ባለሙያ በስሙ ይጠራለታል፤ ባስልኤል። መንፈሴን ሞላሁበት ይላል። ለስብከት እንዳይመስላችሁ። ወርቅ እንዲሠራ፣ እንጨት እንዲጠርብ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ ነው። ረዳትም ሰጠው፤ ኤልያብን። በ32 ታች ሰፈሩ ውስጥ ምን አለ? አፈ ቀላጤው አሮን የሕዝቡን የጆሮ ወርቅ ሰብስቦ ጥጃ ያቀልጣል። ሙሴ ሲጠይቀው «ወርቁን እሳት ውስጥ ጣልኩት፣ ይህ ጥጃ ወጣ» አለ። ወጣ! ተናጋሪ እኮ ነው፤ መልስ አያጣም።

እንግዲህ ልናገረው። ስንት ባስልኤል ጓሮ ቁጭ ብሎ፣ ስንት አሮን ማይክ ጨብጧል? ማዕረግ ስናከማች፣ ፖስተር ላይ ፎቶ ስናሳምር፣ ቤቱን ማን እንደሚጠርገው የጠየቀ አለ? ይህን ድምፅ ማጉያ የሚያስተካክለውን ልጅ ስሙን የምታውቁ እጃችሁን አውጡ እስቲ! ይበቃል፣ አውርዱ። እኔም አላውቀውም ነበር፤ ትናንት ጠይቄ ነው የያዝኩት።

ሥልጠና አያስፈልግም ማለቴ አይደለም፤ አሠልጣኞቻችሁ እንዳይቀየሙኝ። «አፌ ኮልታፋ ነው» ያለው ሙሴ፣ ዕድሜው 120 ሲሆን ዘዳግምን የሚያህል ንግግር ተናግሯል። ይህን አንደበት ያገኘው ግን ከሕዝቡ ጋር 40 ዓመት ሲንከራተት ነው። መጀመሪያ ተምሮ ጨርሶ አልተነሣም።

ስለ ጣቢታም ጽፌ ነበር። ኢዮጴ ላይ ስትሞት መበለቶቹ የሰፋችላቸውን ልብስ እያሳዩ ነው ያለቀሱት። ከ32,000 ሰው 300 ብቻ ስለቀሩለት ስለ ጌዴዎንም ነበረኝ። ደቂቃዬ አልቋል፤ የሐዋርያት ሥራ 9ን እና መሳፍንት 7ን ቤታችሁ አንብቡት።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። የመዝጊያውን ጸሎት የሚያደርግልን ያ ወንድም ነው። ታሪኩን የተናገርኩትም አስፈቅጄው ነው። እንደ ልማዱ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል። ፕሮግራሙ ላይ 3 ደቂቃ ተብሎ ተጽፏል፤ እኔ ሰርዤዋለሁ። የፈለገውን ያህል ይውሰድ። ቃል ሲይዘው ማንም እንዳይጨርስለት፤ እኔም ጭምር። ና ወንድሜ፣ ና።